በእህቴ ስም የቆምኩበት ወረፋ

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ እኔ ቀናተኛ ሴት ነኝ። በባል አይደለም። ባል ለጥቂት ጊዜ ነበረኝ፣ ሄደ፣ አልተከተልኩትም። በጎረቤት ሀብትም አይደለም፤ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈራችን ፎቅ የሰሩ አሉ፣ ወላሂ አንድ ቀን አንጋጥጬ አላየሁትም። የምቀናው በአንዲት ሰው ብቻ ነው፤ በታላቅ እህቴ በዘሃራ። የምቀናባትም በጡረታዋ ነው። በጡረታም ይቀናል ወይ ትሉ ይሆናል። ስልሳ አምስት ዓመት አልፏችሁ፣ ጉልበታችሁ ከድቷችሁ፣ ወር በገባ ቁጥር «የኔ» ብላችሁ የምትቀበሉት ነገር ባይኖራችሁ እናንተም ትቀኑ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የዘሃራ ባል ሹፌር ነበር። በመኪና አደጋ ሲሞትባት ልጇ ሙሀመድ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሐያት ደግሞ ገና ጡት አልጣለችም። ኮምቦልቻ የክር ፋብሪካ ሴቶች ይቀጥራል ሲባል ሄዳ ተቀጠረች። ስራው በፈረቃ ነው፣ የምታድረውም ከሦስት ሴቶች ጋር በተከራየችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ደሴ አመጣቻቸው፤ አባታችን ሆጤ ትቶልን በሞተው ቤት እኔ ጋ አስቀመጠቻቸው። «ለትንሽ ጊዜ ነው ፋጤ፣ እስክደላደል» አለችኝ። ያ ትንሽ ጊዜ ሙሀመድ ጢም እስኪያወጣ ድረስ ቆየ። ባሌ «ወይ የእህትሽን ልጆች ወይ እኔን ምረጪ» ያለኝ ቀን ሐያት ኩፍኝ ይዟት ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር። ልጅቷን አስተኝቼ እስክነሳ እሱ ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። የራሴ ልጅ አልወለድኩም።

ዘሃራ ሰላሳ አንድ ዓመት ሰርታ ጡረታ ስትወጣ ፋብሪካው አዳራሽ ጠርቶ ሸኛት። እኔም ተጋብዤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ስሟ ሲጠራ ተጨበጨበላት፤ የምስክር ወረቀት ተሰጣት፣ ጋቢ ተደረበላት። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ያጨበጭባል፣ ሆዴ «ለአንቺስ ማን ያጨብጭብልሽ?» ይለኛል። ያን የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገጥማ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ እሱ ላይ ያርፋል። ዘሞ ካየሁት አላቃናውም።

ክፉ አልልባትም፤ ታካፍለኝ ነበር። እኔ ደጄ ላይ ቆሎ እሸጣለሁ፣ ቆሎ ደግሞ መድኃኒት አይገዛም። ሙሀመድ አረብ አገር ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሐያትም አዲስ አበባ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የራሷን ኑሮ ትገፋለች። በዘሃራ ጡረታ የምንኖረው ሁለት አሮጊቶች ነን። በየወሩ ድርሻዬን ስትልክልኝ «አላህ ይስጥሽ» እላለሁ። በልቤ ግን «የኔን ነው የምትሰጭኝ» እያልኩ ነው የምቀበላት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ዘሃራ መጸዳጃ ቤት ደጃፍ ላይ አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ «ከአልጋ እንዳትወርጂ» ብሎ ላካት። ቆሎዬን ትቼ፣ ቤቴን ቆልፌ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ፣ አገላብጣታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጎረቤቷ ብርቱካን ስልኳን ይዛ መጣች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይህን ሰምተዋል? ባለጡረታዎች በአካል ቀርበው በሕይወት መኖራቸውን ካላረጋገጡ ጡረታቸው ከሚመጣው ወር ጀምሮ ይታገዳል ይላል። የመጨረሻው ቀን ነገ ነው።»

ዘሃራ ብርድ ልብሷን አየች። «በምን እግሬ?»

«በባጃጅ፣ ካልሆነም በሰው ሸክም» አልኳት።

«አጥንቴ ቢለያይስ? እንዳትንቀሳቀሺ ሲለኝ ሰምተሽ የለም?» ብርቱካን እስክትወጣ ጠበቀች። ከዚያ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ ሂጂልኝ።»

«ሄጄ ምን ልበል?»

«ዘሃራ ነኝ በያ።»

መልካችን አንድ ነው። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች እንጂ ልጅ ሆነን እናታችን እንኳን ከጀርባ ስታየን ትሳሳት ነበር። መታወቂያዋ ላይ ያለችው ሻሽ ያሰረች አሮጊት ናት፤ እኔ ነኝ ብልም ማንም አይከራከረኝ።

«ሐራም አይሆንም?» አልኳት።

«የሰው ገንዘብ ልትወስጂ ነው? የኔው ነው። በሕይወት አለች ብለሽ ልትነግሪያቸው ነው፤ ይኸው አለሁ። ምኑ ነው ሐራሙ?»

ከምሳ በኋላ እንደ ተማሪ ስታስጠናኝ ዋለች። የሰራሁበት ክፍል፣ ክር ማጠንጠኛ። የገባሁበት ዓመት፣ የወጣሁበት ዓመት፣ የአለቃዬ ስም። አንዱን ስስት «ኧረ በአላህ ፋጤ፣ ጡረታዬን እንዳታስበይው» ትለኛለች። ጡረታዬ ስትል ጥርሴን እነክሳለሁ።

ዓርብ ጠዋት የእሷን ቀሚስ ለበስኩ፣ የእሷን ሻሽ አሰርኩ፣ መታወቂያዋን በብብቴ አደረግሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን እኔን አድምቆኝ ነበር። በጡረታ ቢሮው በር ላይ ጥበቃው «እናቴ፣ ባለጡረታ ነዎት?» ሲለኝ «አዎን» አልኩት። እጄን ይዞ ወንበር አሳየኝ። ከዚያ ቀደም መስሪያ ቤት ስገባ «ማንን ፈልገሽ ነው?» ተብዬ እንጂ ወንበር ተሰጥቶኝ አያውቅም።

አዳራሹ በአሮጌ ሰው ተሞልቷል። ከዘራ ያለው ከዘራውን አስደግፏል፣ ሁሉም ያወራል። «እኔ መንገድ ስራ ነበርኩ።» «እኔ አስተማሪ።» «እኔ ጤና ጣቢያ።» አንዱ ስለ ወገቡ ያማርራል፣ ሌላዋ ጡረታው ከወሩ አጋማሽ እንደማያልፍ ትናገራለች። አጂብ ነው፣ በማማረራቸው እንኳን ቀናሁ። የሚያማርሩበት ነገር አላቸው። እኔ ላም ባልዋለበት ኩበት ልለቅም የመጣሁ ሴት፣ የዘሃራን ስም አስመዝግቤ ተራዬን እጠብቃለሁ።

«ዘሃራ? ዘሃራ ይማም አይደለሽም?»

ዞርኩ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አንዱ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፣ በሌላኛው አጥብበው ያዩኛል።

«ጥላሁን ነኝ እንጂ፣ ከጥገና ክፍሉ። ማሽንሽ በቆመ ቁጥር ትጮሂብኝ አልነበር?»

«ውይ ጋሽ ጥላሁን፣ ዓይኔም ደክሟል» አልኩ። ድምፄ እንዳያጋልጠኝ አፌን በነጠላዬ ሸፈን አደረግሁ። ዓይናቸው ጥሩ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አልቆልኝ ነበር።

ሰውየው ወሬ ይወዳሉ፤ እኔ «አዎን»፣ «እንዴታ»፣ «አላህ ይማራቸው» ብቻ እላለሁ። ማን እንደሞተ፣ ማን ልጁ ጋ እንደገባ፣ ማን አልጋ እንደያዘ ነገሩኝ። አንዱን ሬሳ ስንት የድሮ ባልደረባ እንደሸኘው ሲያወሩልኝ ያም አስቀናኝ። እኔ ስሞት ከሰፈሬ የቅሬ እድርተኛ ሌላ ማን ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሳስብ ነው ጥያቄው የመጣው።

«ያቺ ሰራተኛሽስ እንዴት ሆነች?»

«የትኛዋ ሰራተኛ?»

«ደሴ ልጆችሽን የያዘችልሽ ናታ። ፋጤ ነው መሰለኝ ስሟ። ሴቶቹ ሁሉ ሲቀኑብሽ ትዝ ይለኛል። እኛ ልጅ የሚይዝልን አጥተን ስንሰቃይ ዘሃራ ታማኝ ሰራተኛ አላት ይሉ ነበር። አንቺም ጎበዝ ናት፣ እንደ ልጆቿ ነው የምታያቸው ትይ ነበር።»

ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። አለች ያልኳቸው ይመስለኛል። ሰራተኛ። ባሌን ያጣሁባቸውን ልጆች ያሳደግሁት እኔ በእህቴ አፍ ሰራተኛ ነኝ። ሰራተኛ እንኳን ደመወዝ አላት፣ ከፋኝ ብላ ትወጣለች፣ ዓመት በዓል ቀሚስ ይገዛላታል። ተነስቼ ልወጣ ወንበሩን ይዤ ነበር፤ ያኔ በመስኮቱ በኩል «ዘሃራ ይማም» ተብሎ ተጠራ።

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ፣ እግሬ ሄደ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ናት፤ በዕድሜ ከሐያት ታንሳለች። መታወቂያውን ተቀበለችኝ፣ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

«የሰሩበት ክፍል እናቴ?»

«ክር ማጠንጠኛ።»

«የገቡበትን ዓመት ያስታውሱታል?»

አስታወስኩላት። መዝገቡን ገለጠች፣ ጻፈች፣ ማህተሙን አነሳች። አለቀ ማለት ነው። ማህተሙ ቢያርፍ የዘሃራ ጡረታ ይቀጥላል፣ እኔም የመጣሁበትን ጨርሼ እወጣለሁ። ልጅቷ ግን ማህተሙን እንደያዘች ቀና አለችና ፈገግ አለችልኝ።

«ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ። በእውነት ደክመዋል እናታችን። እናንተ ባትሰሩ እኛ አንማርም ነበር። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።»

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ፤ መጣና በዘሃራ ስም ተባለ።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት።

«ምን አሉኝ?»

«ዘሃራ አይደለሁም። ፋጡማ ነኝ። ፋጡማ ይማም።»

ልጅቷ በሐዘኔታ አየችኝ። «ደክሞዎት ነው እናቴ፣ ወረፋው ረዝሞብዎታል። ትንሽ ውሃ ላምጣልዎት?»

«አልጃጀሁም ልጄ። ዘሃራ እህቴ ናት። ታማ ተኝታለች። በእሷ ስም መጥቼ ነው።»

ከኋላዬ አቶ ጥላሁን «ዘሃራ ምን ነካት?» ሲሉ ሰማሁ። ማህተሙ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ኃላፊው ተጠራ። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ሰማኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

«እናቴ» አለኝ፣ «ለታመመ ሰውማ የቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣልን እኛ እቤት ድረስ እንሄዳለን። ማን እንዲህ አድርጉ አላችሁ?»

«ይህንንስ ማን ነገረን? ያነበበችልን ጎረቤት ይታገዳል የሚለውን ብቻ ነው ያነበበችልን።»

«አሁን በሌላ ሰው ስም ስለቀረቡ መታወቂያው እዚህ ይቆያል። እስኪጣራ ድረስ ክፍያው ይታገዳል።»

እውነት ተናገረች ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ። እኔ ለእውነት ብዬ አልተናገርኩም፤ ቅናት ነው ያናገረኝ። ያቺ ልጅ ያመሰገነቻት ዘሃራን መሆኑ አላስችል አለኝ። በዚያች ደቂቃ የእህቴ ጡረታ ቢቀርባት፣ እኔም አብሬ ብራብ ግድ አልነበረኝም። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ግማሽ መንገድ ስደርስ ነው ያደረግሁት የገባኝ። አልጋ ላይ ያለች ሴት፣ መድኃኒቷ ሊያልቅ ሦስት ቀን የቀራት፣ በምን ላስታምማት ነው እያልኩ ደረስኩ።

ዘሃራ በሩን ስከፍት «ተሳካ?» አለችኝ።

«ታግዷል። እኔ አይደለሁም ብዬ ነገርኳቸው።»

ከትራሷ ቀና ለማለት ሞከረች። «ለምን?»

«ሰራተኛ ማነው ዘሃራ? ፋጤ የምትባል ሰራተኛ ነበረችሽ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዳሌዋ ምክንያት ሙሉ ለሙሉ መዞር ስላቃታት አንገቷን ብቻ ነው ያዞረችው። እኔም ቀሚሷን አውልቄ የራሴን ለበስኩ፣ ሻሿን አጥፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ስትናገር ድምፏ ቀጥኖ ነበር።

«እህቴ ናት ስላቸው 'ታዲያ የእሷ ኑሮስ? ምን ታደርጊላታለሽ?' ይሉኝ ነበር። የምመልሰው አጣሁ። ሰራተኛ ናት ስላቸው ግን ማንም አይጠይቀኝም። ለራሴም ደመወዝሽን የሰጠሁሽ ይመስለኝ ነበር።»

«ሰጥተሽኛል?»

«አልሰጠሁሽም» አለች።

ይቅር በይኝ አላለችኝም፣ እኔም ይቅር አላልኳትም። አጠብኳት፣ አበላኋት፣ ተኛን። የቀበሌ ደብዳቤ ለማውጣት የዞርኩትን ዙረት ልተወው። ሁለት ወር ያለ ጡረታ ቆየን። ሐያት ትንሽ ላከችልን፣ ብርቱካንም ከቤቷ ሽሮ እየቀነሰች ታመጣልን ነበር። መድኃኒቱን አንድ ቀን እየዘለልን ሰጠናት። ዘሃራ አንድ ቀን እንኳን «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» አላለችኝም። ቢከፋኝም ያ ዝምታዋ ገርሞኛል።

በመጨረሻ መጡ፤ ኃላፊውና ያቺ የመስኮቷ ልጅ። ዘሃራን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ልጅቷ ቅጹን እየሞላች ጠየቀቻት፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሰራችበት ክፍል፣ ቤተሰብ። ባል የሚል ቦታ አለው፤ ሞቷል ተባለ። ልጆች የሚል አለው። እናትና አባት የሚል አለው።

«እህት የሚል ጻፊልኝ» አለች ዘሃራ።

«እህት የሚል ቦታ የለውም እናቴ። ጡረታ የሚተላለፈው ለባል ወይ ለሚስት፣ ለልጅና ለወላጅ ነው።»

«እኔ ስሞት ይህችስ?»

ልጅቷ ኃላፊውን አየችው። «ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው» አለ እሱ።

«እንግዲያው አልፈርምም።»

ደነገጥኩ። «ዘሃራ፣ አበድሽ? ፈርሚ።» ሁለት ወር የጠበቅነው ሰው አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀምጦ የፊርማ ቀለም ይዞ ይጠብቃታል። ቢሄድ መቼ ይመለሳል? በቅናት ያሳገድኩትን ጡረታ ይኸው እኔው እንድትቀበለው እለምናታለሁ። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ፈርሚ» አልኳት።

«ያን ፋብሪካ ሁለት ሆነን ነው የሰራነው። እኔ ክሩን ሳጠነጥን እሷ ልጆቼን ታሳድግ ነበር። እሷ ባትኖር አንድ ቀን አልገባም ነበር። ይህን ሳትጽፉ ጣቴን አላነሳም።»

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ልጅቷ ግን ቅጹን ገለበጠችና በጀርባው ጻፈች። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችልን፤ ባለጡረታዋ በስራ ላይ በነበሩበት ዘመን ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ አሁንም የሚያስታምሟቸው እህታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ይማም ናቸው። «ይህ ጽሑፍ ምንም አያስገኝልዎትም» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «እንዳላታልልዎት ብዬ ነው።» ዘሃራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ አሳረፈች።

ጡረታው ተለቀቀ። ዘሃራ ዛሬ በከዘራ እስከ በሩ ትሄዳለች። እኔም ደሴ አልተመለስኩም፤ ክረምትና በጋ አብረን ነን። ልጅቷ ያለችው እውነት ነው፣ ዘሃራ ከቀደመችኝ እኔ እዚያው ቆሎዬ ላይ ነኝ። በየቤታችሁ ልጅ ያሳደገችላችሁ፣ በሽተኛ ያስታመመችላችሁ አክስት፣ እህት፣ ያላገባች የአጎት ልጅ ትኖራለች። ወጥቶ የሰራው ሲያረጅ መዝገብ አለው፤ እሷ ስታረጅ የሚያነሳት የለም፣ እጅ አይታ ነው የምትኖረው። ከዚያ ደግሞ ቀናተኛ ሆነች ትላላችሁ። ሕግ የምትጽፉ ካላችሁ ያን ቅጽ አንድ መስመር ጨምሩበት። ሕግ የማትጽፉ ደግሞ ሰራተኛዬ ናት እንዳትሏት።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትሉኝ አልለቀቀኝም። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። ግን ለማንም ያልነገርኩትን ለዘሃራ ነገርኳት። በቀደም ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ጸጉሯን ስፈታላት፣ «ከተሸኘሽበት ቀን ጀምሮ ስቀናብሽ ነው የኖርኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ቆይታ ደግሞ «እኔም ስቀናብሽ ነው የኖርኩት» አለችኝ።

«በእኔ? በምኔ?»

«በእረፍት ቀኔ ደሴ ስመጣ ሐያት ግቢው ውስጥ ትወድቃለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ፋጤ እያለች ነበር የምታለቅሰው።»